የ12 ቮልት ኤልኢዲ ድራይቨር መከላከያ ሲመረጥ፦ ከቮልቱ በፊት ጊዜው

ለኤልኢዲ ድራይቨር፣ ማለትም ወደ ኤልኢዲ መብራት የሚሄደውን ከረንት ለሚቆጣጠረው ሰርኪት፣ መከላከያ የሚሆኑ ዕቃዎችን የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ዕቃ ስንት ቮልት ይችላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ሲቀር ግን ያሳስታል። በእኔ እምነት ከዚያ በፊት መታወቅ ያለበት ሰርኪቱ ወደተሠራበት ቦርድ የሚመጣው አደጋ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው። ለጥቂት ማይክሮሰከንዶች ብቅ ብሎ የሚጠፋ የቮልቴጅ ንረት የራሱ መፍትሔ አለው፤ ለግማሽ ሰከንድ ያህል የሚዘልቀው ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ሰው መጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ለሰዓታት የሚቆየው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የመጀመሪያውን በሚገባ የሚመክት ዕቃ ሦስተኛው ሲመጣበት ራሱ ተቃጥሎ ቦርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ምሳሌ የማደርገው በብዙ የገጠር ቤቶቻችን የሚገኘውን የሶላር መብራት ነው፦ አንድ ባለ 50 ዋት ፓናል፣ አንድ ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ፣ አንድ ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓናሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር) እና በየክፍሉ የተሰቀሉ አራት መብራቶች። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብር ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከዋናው መረብ ውጭ በሆኑ መንገዶች ለማዳረስ ያቀደ እንደመሆኑ፣ የእነዚህ መብራቶች ዕድሜ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ከተማ ውስጥ አንድ አምፖል ቢቃጠል ሱቅ ወርዶ ሌላ መግዛት ይቻላል። ከመንገድ ርቆ በሚገኝ ቤት ግን አንድ ባለ ጥቂት ብር ዳዮድ (ከረንትን በመደበኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በስሕተት በመመረጡ ምክንያት ቤተሰቡ ለወራት ወደ ኩራዝ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህም ነው በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲህ በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት።

እያንዳንዱ መብራት በተከታታይ የተያያዙ ሦስት ባለ 1 ዋት ነጭ ኤልኢዲዎች አሉት እንበል። አንዱ ኤልኢዲ በ350 ሚሊአምፔር አካባቢ ከ3.0 እስከ 3.4 ቮልት ስለሚወስድ ሦስቱ በአንድነት ወደ 9.6 ቮልት ይፈልጋሉ። ባትሪው «12 ቮልት» ይባል እንጂ በሥራ ላይ 12 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሲደክም ወደ 11 ይወርዳል፣ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ 14.4 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በርካሽ መብራቶች ውስጥ እንደሚታየው ከኤልኢዲዎቹ ጋር አንድ ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ ዕቃ) ብቻ ቢደረግ፣ በ12 ቮልት 350 ሚሊአምፔር እንዲያሳልፍ የተመረጠው 6.8 ኦም ሬዚስተር በ14.4 ቮልት ጊዜ ወደ 700 ሚሊአምፔር ሊለቅ ነው፤ እጥፍ ማለት ነው። ኤልኢዲው ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልቴጅ ስለሚቀንስ ከረንቱ ይበልጥ ይጨምራል። ስለዚህ ከመከላከያ ዕቃዎች ሁሉ የመጀመሪያው ከረንቱን በአንድ መጠን የሚይዘው ድራይቨር ራሱ ነው። ይህ ሳይሟላ ስለ ፊዩዝና ስለ ዳዮድ መነጋገር ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህንን ቦርድ የሚያጋጥመው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከየት ይመጣል ቢባል፣ አብዛኛው ሰው መብረቅን ያስባል። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምፈራው ግን ያለ ምንም ድምፅና ብልጭታ የሚመጣውን ነው፦ በጠራራ ፀሐይ የባትሪው ሽቦ ሲላቀቅ። «12 ቮልት» እየተባለ የሚሸጠው ባለ 36 ሴል ፓናል ጭነት ሳይኖርበት ከ21.5 እስከ 22 ቮልት ያወጣል። ባትሪው እስካለ ድረስ ይህ ቮልቴጅ አይታይም፤ ባትሪው እየዋጠ ወደ ራሱ ልክ ያወርደዋል። የባትሪው ማያያዣ ዝጎ ወይም ላልቶ ሲላቀቅ ግን፣ አንዳንድ ርካሽ ኮንትሮለሮች የፓናሉን ቮልቴጅ እንዳለ ወደ መብራቶቹ ያሳልፉታል። ፓናል ደግሞ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ የሚጨምረው ወደ 0.3 በመቶ ስለሚጠጋ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በባሌ ደጋ ብርድ ጠዋት ላይ ያው ፓናል ከ23 ቮልት በላይ ሊሰጥ ይችላል።

የዚህ ሁኔታ ክፋቱ ቆይታው ነው። ሰው ካላስተዋለ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ይዘልቃል። በባትሪው በኩል ያለው ፊዩዝም አያድነንም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ባትሪውን ከሲስተሙ የሚያላቅቀው እርሱ ራሱ ሲበጠስ ነው። ለአነስተኛ የሶላር ዕቃዎች የጥራት መለኪያ በሆነው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ሰነድ 62257-9-5 ውስጥ ባትሪው ተላቅቆ ፓናሉ ብቻውን ሲቀር ዕቃው እንዳይጎዳ የሚፈተንበት ክፍል መኖሩ አደጋው ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ቲቪኤስ ዳዮድ የሚመረጠው ይህን ይዞ ነው። ቲቪኤስ በኃይል መግቢያው ላይ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል የሚቀመጥ፣ በተለመደው ቮልቴጅ ጊዜ እንደሌለ ሆኖ የሚቆይ፣ ቮልቴጁ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን በቅጽበት መምራት ጀምሮ ትርፉን ወደ ራሱ የሚወስድ ዳዮድ ነው። ዳታሺቱ (የአምራቹ የመግለጫ ወረቀት) ላይ ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ። አንደኛው ዳዮዱ ምንም ሳይነካ በቋሚነት ሊሸከመው የሚችለው ቮልቴጅ ነው፤ ሁለተኛው መምራት የሚጀምርበት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሙሉ የንረት ከረንት ሲያልፍበት ቮልቴጁ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። በሦስቱ መካከል ያለው ርቀት ሰዎች ከሚገምቱት እጅግ ይሰፋል። ለምሳሌ ኤስኤምቢጄ15ኤ የሚባለው 15 ቮልት ይሸከማል፣ ከ16.7 እስከ 18.5 ባለው ውስጥ መምራት ይጀምራል፣ በ24.6 አምፔር ጊዜ ደግሞ 24.4 ቮልት ላይ ይደርሳል።

ባትሪው ከ14.4 ብዙም ስለማይበልጥ 15 ቮልት የሚሸከመው ቲቪኤስ ልክ የተሰፋለት ይመስላል፤ በብዙ ቦርዶች ላይም የማየው እርሱኑ ወይም የቅርብ ዘመዱን ነው። አሁን ግን ባትሪው ይላቀቅና ፓናሉ 22 ቮልት ይላክ። ዳዮዱ 18 ቮልት አካባቢ ሲደርስ መምራት ይጀምርና ፓናሉ ሊሰጥ የሚችለውን 3 አምፔር ገደማ መዋጥ ይጀምራል። 18 ቮልት በ3 አምፔር ሲባዛ 54 ዋት ነው። በዳዮዱ ላይ የተጻፈው 600 ዋት ግን በ10/1000 ማይክሮሰከንድ የሞገድ ቅርጽ የተለካ፣ ማለትም በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ግማሽ ለሚሆን ንረት የተሰጠ ቁጥር ነው። በቋሚነት ሲሆን ያው ዳዮድ በጥሩ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ እንኳ ከ5 ዋት አይበልጥም። በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ብየዳው ይቀልጣል፣ ብዙውን ጊዜም ሾርት ሆኖ ይቀራል።

«ታዲያ በመብራቶቹ መስመር ላይ ያለው ፊዩዝ ይበጠሳላ!» የሚል ይኖራል። ቁጥሩን እንመልከተው። መስመሩ ላይ ያለው ባለ 2 አምፔር የመስታወት ፊዩዝ ቢሆንና በአይኢሲ መለኪያ የተሠራ ቢሆን፣ ከስመ ልኩ አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ ከረንት፣ ማለትም 3 አምፔር ሲያልፍበት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይበጠስ እንዲቆይ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዳዮዱ ጋይቶ ቦርዱን ሲያጠቁር ፊዩዙ ተረጋግቶ ይመለከታል። ማንም አላጠፋም፤ ፊዩዙም ዳዮዱም የተሠሩለትን ነው የሠሩት። የተሳሳተው ለሰዓታት የሚቆይን አደጋ ለማይክሮሰከንድ በተሠራ ዕቃ ለመመከት የታሰበው ነው።

ለሰዓታት የሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሁለት መፍትሔ ብቻ አለው፦ ወይ ቦርዱ ያንን ቮልቴጅ ያለምንም ጭንቀት መሸከም አለበት፣ ወይም መስመሩን የሚቆርጥ ሰርኪት ያስፈልጋል። ለቤት መብራት እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ርካሽም ነው፣ የሚበላሽ ነገርም አይጨምርም። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ፒቲ4115 የተባለው የድራይቨር አይሲ (ሰርኪቱን በውስጡ የያዘ ቺፕ) የሥራ ቮልቴጁ ከ6 እስከ 30 ነው፤ ኤኤል8805 ደግሞ ከ6 እስከ 36 ሲሆን የመጨረሻ ጣሪያው 40 ቮልት ነው። ሁለቱም የፓናሉን 23 ቮልት ይችላሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ቲቪኤሱን ስንጨምር ነው። ዳዮዱ የፓናሉን ቮልቴጅ በቋሚነት መሸከም ስላለበት የምመርጠው ኤስኤምቢጄ24ኤ ይሆናል፤ 24 ቮልት ይሸከማል፣ ከ26.7 በታች መምራት አይጀምርም፣ በሙሉ የንረት ከረንት ጊዜ ግን 38.9 ቮልት ይደርሳል። 38.9 ከኤኤል8805 ጣሪያ በታች ነው፤ ክፍተቱ ጠባብ ቢሆንም ቁጥሩ የሙሉ ከረንት ቁጥር ስለሆነ በቤት ውስጥ መስመር ላይ በተግባር የሚደርስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ከፒቲ4115 የሥራ ልክ ግን አልፎ ይሄዳል። በሁለቱ አይሲዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እዚህ ላይ ተገቢ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ውሳኔ ሌሎቹንም ዕቃዎች ይዞ ይመጣል። በድራይቨሩ ውስጥ ያለው የሾትኪ ዳዮድ (ሲመራ አነስተኛ ቮልቴጅ ብቻ የሚበላ ዳዮድ) ባለ 40 ቮልቱ ኤስኤስ14 ከሆነ ከቲቪኤሱ ጣሪያ ጋር አፍ ለአፍ ይገጥማል፤ ባለ 60 ቮልቱ ኤስኤስ16 በዋጋ ብዙም ስለማይለይ እርሱ ይሁን። የመግቢያው ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ባለ 25 ቮልት ሳይሆኑ ባለ 50 ቮልት መሆን አለባቸው። የሴራሚክ ካፓሲተር ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ ስመ ልኩ ሲጠጋ አቅሙ ከተጻፈበት ብዙ ስለሚወርድ፣ ከፍ ያለ ቮልት ያለውን መምረጥ በሁለት በኩል ይጠቅማል።

ስለ ሴራሚክ ካፓሲተር ካነሣሁ ሊታለፍ የማይገባው ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም መብራቱ በሶኬት ሲሰካ በዚያው ቅጽበት የሚፈጠረው ነው። ገመድ ሁሉ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የከረንትን ድንገተኛ ለውጥ የመቃወም ባሕርይ፣ አለው፤ ለአንድ ሜትር ጥንድ ገመድ ወደ አንድ ማይክሮሄንሪ ይጠጋል ብሎ መያዝ ይቻላል። ባዶ የሆነ ሴራሚክ ካፓሲተር በድንገት ከባትሪ ጋር ሲገናኝ ከረንቱ በገመዱ ውስጥ ፍጥነት ይዞ ስለሚመጣ፣ ካፓሲተሩ በባትሪው ልክ ላይ አይቆምም፤ አልፎ ይሄድና ይመለሳል። የሚያረግበው ነገር ከሌለ ጫፉ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ 14.4 የነበረው 28.8 ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። 5 ሜትር የሆነ ስስ ባለ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ የራሱ 0.23 ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለው ንረቱን ያረግበዋል፤ በባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲሰላ ጫፉ 23 ቮልት አካባቢ ይቆማል። አጭርና ወፍራም ገመድ ግን የሚያረግብ ተቃውሞ ስለሌለው ወደ 27 ቮልት ይጠጋል። በጠረጴዛ ላይ ከባትሪው አጠገብ በአጭር ሽቦ የሚፈተን ቦርድ ቤት ውስጥ ከሚሰቀለው የበለጠ ዱላ ይቀምሳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከሴራሚኩ ጎን ከአራት እስከ አሥር እጥፍ የሚሆን አቅም ያለው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ማድረግ። የኤሌክትሮላይቲክ ውስጣዊ ተቃውሞ በሌላ ቦታ እንደ ጉድለት የሚቆጠር ሲሆን እዚህ ግን የሚፈለገው እርሱው ነው፤ ግማሽ ኦም ገደማ ከሆነ ንረቱን ባለበት ይውጠዋል። ስለዚህ ለዚህ ቦታ «ዝቅተኛ ተቃውሞ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን መግዛት አያስፈልግም። ዕድሜውን በተመለከተ፣ በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት የተባለ ካፓሲተር ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲወርድ ዕድሜው በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ መብራቱ ውስጥ ያለው ሙቀት 65 ዲግሪ ከሆነ ወደ 32,000 ሰዓት ይደርሳል። ካፓሲተሩን ከኤልኢዲዎቹ አሉሚኒየም አርቆ ማስቀመጥ ከውድ ካፓሲተር ይሻላል።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጦ የመግጠም ነገር በሶላር ሲስተም ላይ የማይቀር ስለሆነ የግድ መታሰብ አለበት፤ ይህም ሰው አይቶ እስኪያስተካክለው ድረስ የሚቆይ አደጋ ነው። ቀላሉ መንገድ በፖዘቲቩ መስመር ላይ አንድ ሾትኪ ዳዮድ በተከታታይ መጨመር ነው። በ0.3 አምፔር የሚበላው 0.35 ቮልት ያህል ነው፤ የሚባክነው ኃይልም ጥቂት ነው። የሚያሳስበኝ ባትሪው በደከመበት ምሽት የሚሆነው ነው። ባትሪው 11 ቮልት ላይ ሲሆንና ገመዱ 0.3 ሲበላ መብራቱ ጋ የሚደርሰው 10.7 ነው። ኤልኢዲዎቹ እያንዳንዳቸው 3.4 የሚፈልጉ ከሆነ 10.2 ይወስዳሉ፤ በአይሲው፣ በከረንት መለኪያው ሬዚስተርና በኢንዳክተሩ (በድራይቨሩ የሽቦ ጥቅልል) ላይ 0.25 ያህል ይቀራል። ከዚህ ላይ ዳዮዱ 0.35 ሲጨምር የሚያስፈልገው 10.8 ይሆንና ካለው ይበልጣል፤ መብራቱም መደብዘዝ ይጀምራል። ልጆች በሚያጠኑበት ሰዓት ማለት ነው።

ስለዚህ በዳዮዱ ፈንታ የፒ ቻናል ሞስፌት፣ ማለትም በቮልቴጅ የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ፣ እጠቀማለሁ። ከሦስቱ እግሮቹ ድሬኑ ወደ ባትሪው፣ ሶርሱ ወደ ድራይቨሩ ይዞራል፤ ጌቱ በሬዚስተር በኩል ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። ባትሪው በትክክል ሲገጠም ከረንቱ መጀመሪያ በውስጣዊው ዳዮድ በኩል ይገባና ሞስፌቱ ወዲያው ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚበላው ቮልቴጅ ከመቶኛ ቮልት ብዙም አይበልጥም። ሲገለበጥ ይዘጋል። ለዚህ ሥራ በትንሽ ዋጋ የሚገኘው ኤኦ3401 ባለ 30 ቮልት ሲሆን፣ አንድ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ቁጥር አለው፦ በጌትና በሶርስ መካከል የሚችለው 12 ቮልት ብቻ ነው። በ5 ቮልት ቦርድ ላይ ለዓመታት ሲሠራ ያየው ሰው በ12 ቮልት ቦርድ ላይም እንዲሁ ቢያደርገው፣ ባትሪው 14.4 በደረሰ ቁጥር ጌቱ ከልኩ በላይ ይጨነቃል። በጌትና በሶርስ መካከል ባለ 10 ቮልት ዜነር (ቮልቴጁን በዚያ ልክ የሚይዝ ዳዮድ)፣ ከጌቱ ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ 47 ኪሎኦም ሬዚስተር ማድረግ ይህን ሙሉ በሙሉ ይፈታዋል፤ በዜነሩ በኩል የሚባክነው ከረንት ከ0.1 ሚሊአምፔር ብዙም አይበልጥም።

እዚህ ላይ የቲቪኤሱ ቦታ ጥያቄ ይነሣል። በስሙ መጨረሻ «ኤ» ብቻ ያለበት ዳዮድ በአንድ አቅጣጫ የሚከላከል ሲሆን በተቃራኒው እንደ ማንኛውም ዳዮድ ይመራል፤ «ሲኤ» ያለበት ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይከላከላል። ባለ «ኤ»ው ከሞስፌቱ በፊት ከተቀመጠና ባትሪው ከተገለበጠ፣ ዳዮዱ ባትሪውን ሾርት ያደርገውና ፊዩዙን ይበጥሰዋል። ይህን ሆን ብለው የሚያደርጉ አሉ፤ በሌላ አገር ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን የተበጠሰ ፊዩዝ በሌላ ፊዩዝ የመተካቱ ነገር አጠራጣሪ ነው፤ በሽቦ ይተካል። በሽቦ የተተካ ፊዩዝ ካለበት ቤት ይልቅ ፊዩዙ ጨርሶ የማይበጠስበትን ንድፍ እመርጣለሁ። ስለዚህ ባለ «ኤ»ውን ከሞስፌቱ በኋላ፣ ከድራይቨሩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

ፊዩዝ የሚጠብቀው አይሲውን እንዳልሆነ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። አይሲ በማይክሮሰከንዶች ይሞታል፣ ፊዩዝ ግን እጅግ ፈጣን ቢሆን እንኳ በሺህኛ ሰከንዶች ነው የሚቆጠረው። ፊዩዝ የሚጠብቀው ገመዱን፣ በገመዱም በኩል ቤቱን ነው። አነስተኛ የሊድ አሲድ ባትሪ እንኳ ሾርት ሲሆን ከመቶ አምፔር በላይ ሊለቅ ይችላል፤ የሣር ክዳን ባለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያሻም። ስለዚህ የባትሪው ፊዩዝ በተቻለ መጠን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ መቅረብ አለበት፤ በፊዩዙና በባትሪው መካከል ያለው ሽቦ ማንም የማይጠብቀው ሽቦ ነውና።

የመብራቶቹን መስመር ፊዩዝ ሲመርጡ ልብ መባል ያለበት፣ ድራይቨሩ ኤልኢዲዎቹን በእኩል ኃይል ለመመገብ ስለሚጥር ባትሪው ሲደክም የሚስበው ከረንት መጨመሩ ነው። የአንዱ መብራት ፍጆታ በኪሳራው ጭምር 3.5 ዋት ያህል ስለሆነ፣ በ14.4 ቮልት 0.25 አምፔር፣ በ11 ቮልት ግን 0.32 አምፔር ይስባል። ስሌቱ መሠራት ያለበት በዝቅተኛው ቮልቴጅ ነው፤ አራቱ መብራቶች 1.3 አምፔር ይሆናሉ። በአሜሪካው የዩኤል መለኪያ የተሠራ ፊዩዝ ከስመ ልኩ 75 በመቶ በላይ በቋሚነት እንዳይጫን ስለሚመከር፣ 1.3 ለ0.75 ሲካፈል 1.7 ገደማ ይሆንና 2 አምፔር ይመረጣል።

ራሱን የሚመልሰውን ፒቲሲ ፊዩዝ ብዙዎች እንደ ተአምር ያዩታል፤ እኔም ሽቦ የመተካትን ችግር ስለሚያስቀር በየመብራቱ ላይ እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አሉበት። ሳይበጠስ የሚያሳልፈው ከረንት በክፍል ሙቀት የተሰጠ ነው፤ በ60 ዲግሪ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የሚበጠስበት ከረንት ደግሞ ከሚያሳልፈው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ 0.32 አምፔር ለሚስበው መብራት ባለ 0.35 ሳይሆን ባለ 0.50 ይሁን፤ እርሱም ቢሆን እስከ 1 አምፔር ድረስ ላይበጠስ እንደሚችል እየታወቀ። የባትሪውን ዋና ፊዩዝ ቦታ እንዲይዝ ግን አላደርገውም።

በኤልኢዲዎቹ በኩል ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ኤኤል8805ን የመሰለ ቮልቴጅ የሚቀንስ ድራይቨር ኤልኢዲው ቢላቀቅ መውጫው ከመግቢያው ቮልቴጅ ስለማይበልጥ ተጨማሪ መከላከያ አይፈልግም፤ ቮልቴጅ የሚያሳድግ ድራይቨር ግን መውጫው እየወጣ ስለሚሄድ ገደብ የሚያበጅለት ዜነር ወይም የራሱ የአይሲ እግር የግድ ያስፈልገዋል። በድራይቨሩና በኤልኢዲው መካከል ሶኬት እንዳይኖር እመክራለሁ፤ ኤልኢዲው ተነቅሎ ሳለ የመውጫው ካፓሲተር እስከ መግቢያው ቮልቴጅ ይሞላና ተመልሶ ሲሰካ ያንን ሁሉ በኤልኢዲው ላይ ያራግፈዋል።

መብረቅን በተመለከተ፣ ቤቱን በቀጥታ ለሚመታው በዚህ ቦርድ ላይ የሚቀመጥ ምንም ዕቃ አይመክትም። በአካባቢው ሲወድቅ በረጃጅም ሽቦዎች ላይ የሚቀሰቅሰውን ንረት ግን 600 ዋቱ ቲቪኤስ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። የፓናሉን ሁለት ሽቦዎች ለያይቶ ከመዘርጋት አጠማዝዞ መዘርጋት ንረቱን ከምንጩ ስለሚቀንሰው፣ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ እርሱ ነው። በዚህ ቦታ ቫሪስተር (ቮልቴጁ ሲንር ተቃውሞው የሚወርድ ዕቃ) የሚያደርጉም አሉ፤ ቫሪስተር በየንረቱ እያረጀ ስለሚሄድና በዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ጣሪያው ሰፊ ስለሆነ ለ220 ቮልቱ መስመር ቢተው ይሻላል።

ይህን መብራት እንዳለ ወስዶ ባጃጅ ላይ ወይም አይሱዙ ላይ ለመግጠም የሚያስብ ካለ ግን ስሌቱ ከመሠረቱ እንደሚለወጥ ይወቅ። ዳይናሞው ቻርጅ እያደረገ ሳለ የባትሪው ሽቦ ሲላቀቅ በመኪናው መስመር ላይ የሚፈጠረው ንረት፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃዎች መለኪያ የሆነው አይኤስኦ 16750-2 እንደሚያስቀምጠው፣ ውስጣዊ መከላከያ በሌለው ባለ 12 ቮልት ሲስተም ከ79 እስከ 101 ቮልት፣ በባለ 24 ቮልቱ ደግሞ ከ151 እስከ 202 ቮልት ይደርሳል። ቆይታውም እስከ 0.4 ሰከንድ ነው። ይህ በማይክሮሰከንድና በሰዓት መካከል ያለው፣ መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ አድርጌ የጠቀስሁት ዓይነት አደጋ ነው፤ ለኤስኤምቢጄ እጅግ ይረዝማል። ለእንዲህ ዓይነቱ የተሠሩት እንደ ኤስኤም8ኤስ ያሉት ትልልቅ ዳዮዶች ናቸው፤ በዚያው በ10/1000 መለኪያ 6600 ዋት የሚሸከሙ። በመኪና ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ንረቶችም ስላሉ ቲቪኤሱ ባለ «ሲኤ» ሆኖ ከሞስፌቱ በፊት ይቀመጣል፤ ሞስፌቱም ባለ 30 ቮልት መሆኑ ይቀራል።

ዕቃው ከመርካቶ ሲገዛ ወይም ከአሮጌ ቦርድ ሲፈታ ቲቪኤሱ በእርግጥ የተባለው መሆኑን ሳልለካ አልበይድም። ለዚህ የሚያስፈልገው እስከ 33 ቮልት የሚሄድ የኃይል ምንጭ፣ አንድ 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተርና ቴስተር ብቻ ነው። ሬዚስተሩን ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ አያይዞ፣ የዳዮዱን መስመር ያለበትን ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ አድርጎ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ማሳደግ ነው፤ 33 ሲደርስ በዳዮዱ ላይ የሚነበበው ከ26.7 እስከ 29.5 ባለው ውስጥ ከቆመ ትክክለኛው ኤስኤምቢጄ24ኤ ነው። 17 አካባቢ ከቆመ ባለ 15 ቮልቱ ነው፤ 33ቱን እንዳለ ካሳየ ወይ ልኩ ከፍ ያለ ነው ወይ ውስጡ ተበጥሷል።

ቦርዱ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ዋናው ፈተና በሜዳ ላይ የሚያጋጥመውን ያንኑ ነገር ሆን ብሎ ማድረግ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ፓናሉ ሙሉ ፀሐይ እየተቀበለ፣ መብራቶቹ እንደበሩ፣ የባትሪውን ፖዘቲቭ መንቀል። ቮልቴጁ የሚለካው በሶኬቱ ላይ ሳይሆን በአይሲው መግቢያ እግር ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ትቶ ቲቪኤሱንና ሞስፌቱን በሙቀት መለኪያ መመልከት ያስፈልጋል፤ ቲቪኤሱ ከአካባቢው ሙቀት በግልጽ በልጦ ከተገኘ መምራት ጀምሯል ማለት ነውና ልኩ አንድ ደረጃ ከፍ ይበል። ባትሪው ሲመለስ መጀመሪያ ፓናሉ ይነቀላል፣ ቀጥሎ ባትሪው ይገጠማል፣ ፓናሉ መጨረሻ ላይ ይሰካል፤ በራሱ 12 ወይም 24 የሚለይ ኮንትሮለር ከሆነ ፓናሉን ብቻ አይቶ ሲስተሙን በ24 እንዳይወስደው።